በግድግዳው ላይ ስላሉት ፈረሰኞች

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ፈጣሪ የተመሰገነ ይሁን ከናፍቆትሽ በቀር ደኅና ነን። ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ለጥር 18 የሚመጡትን እንግዶች የጎንደሩን ደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን አንቺ እንድታስጎበኚ መመደብሽን ሳነብ ደስ አለኝ። ጥያቄሽንም አየሁት፤ «እማዬ፣ ጊዮርጊስ በእውነት የነበረ ሰው ነው ወይ? ዘንዶውስ? ብለው ቢጠይቁኝ ምን እላለሁ?» ብለሻል። በስልክ የሚያልቅ ነገር ስላልሆነ ቁጭ ብዬ ጻፍኩልሽ። ደብተርሽን አቅርበሽ አንብቢው።

ከሁሉ በፊት ይህን ያዢ። ታሪክ የሚለው አለ፣ ገድል የሚለው አለ፣ ሥዕል የሚያሳየው አለ። ሦስቱ አንድ አይደሉም፤ እርስ በርሳቸውም አይጣሉም፤ ግን አፍሽን ስትከፍቺ ከየትኛው እንደምትናገሪ አስቀድመሽ ማሳወቅ አለብሽ። አስጎብኚ የሚሰናከለው ሦስቱን አንድ ላይ ሲያቦካቸው ነው። «ጊዮርጊስ በ303 ዓመት ቤሩት ላይ ዘንዶ ገደለ» ብትዪ ሦስቱንም አበላሸሽ፤ 303 የታሪክ ነው፣ ቤሩት የተአምሩ ነው፣ ጦሩና ነጩ ፈረስ የሥዕሉ ነው። «ታሪክ ጸሐፊዎች እንዲህ ይላሉ»፣ «ገድሉ እንዲህ ይላል»፣ «ሠዓሊው እንዲህ አድርጎ አሳይቶናል» ማለትን አፍሽ ይልመደው። ያኔ የሚያምነውም የማያምነውም እንግዳ አንቺን ማመን አይቸግረውም።

ታሪኩ አጭር ነው። የሮም ንጉሠ ነገሥት ዲዮቅልጥያኖስ እ.ኤ.አ. ከ284 እስከ 305 ነገሠ። በዚያ ዘመን ወታደር ለንጉሡና ለአማልክቱ መሠዋት ግዴታው ነበር፤ ስለዚህ መከራው ሲመጣ ከሁሉ ቀድሞ የተጋለጠው ክርስቲያን ወታደር ነው። ገበሬ ወይም ሸማኔ ቤቱ ተሸሽጎ ሊያልፍ ይችል ነበር፤ በሰልፍ ላይ የቆመ ወታደር ግን «ሠዋ» ሲባል መደበቂያ የለውም። «ሰማዕታቱ ለምን ይህን ያህል ወታደር በዛባቸው?» የሚል እንግዳ አይጠፋምና ይህን ምክንያት አትርሺው። በፌብሩዋሪ 303 ኒቆምድያ ላይ አዋጅ ወጣ፤ አብያተ ክርስቲያናት ይፍረሱ፣ መጻሕፍት ይቃጠሉ፣ ባለ ማዕረግ ክርስቲያኖች ከማዕረጋቸው ይውረዱ የሚል። አውሳብዮስ ዘቂሣርያ በቤተ ክርስቲያን ታሪኩ ውስጥ አንድ የተከበረ ሰው ያንን የተለጠፈ አዋጅ በአደባባይ ቀዶ እንደ ጣለና እንደ ተገደለ ጽፏል። ስሙን አልጻፈም። ከጊዜ በኋላ «ያ ሰው ጊዮርጊስ ነው» ያሉ ብዙዎች ናቸው፤ አንቺ ግን ግምት መሆኑን ተናግረሽ እለፊ።

ጠንካራው ማስረጃ ያለው ልዳ ላይ ነው። ልዳ በፍልስጥኤም ምድር ያለች፣ ሮማውያን ዲዮስጶሊስ ይሏት የነበረች ከተማ ናት። ኢየሩሳሌምን ሊሳለሙ የሄዱ ተጓዦች በስድስተኛው መቶ ዓመት የጊዮርጊስ መቃብር እዚያ እንዳለ ጽፈዋል። በሶርያ ሐውራን በምትባል አገር፣ ኢዝራ ላይ፣ በ515 በስሙ የታነጸ ቤተ ክርስቲያን አሁንም ቆሟል፤ ዘመኑም በደጁ ድንጋይ ላይ ተቀርጿል። ልዳ ላይ ዛሬ የሚታየው ቤተ ክርስቲያን ግን በ19ኛው መቶ ዓመት፣ መስቀለኞች ሠርተውት በፈረሰው ቦታ ላይ የተሠራ ነው። ስለዚህ መልስሽ ይህ ይሁን፦ «ጊዮርጊስ የሚባል ሰማዕት ከጥንት ጀምሮ ልዳ ላይ ሲከበር ኖሯል፤ የሕይወቱ ዝርዝር ግን የደረሰን በገድሉ በኩል ነው።» ከዚህ በላይ አትጨምሪ፣ ከዚህም አታሳንሺ።

«የሮማ ቤተ ክርስቲያን ከቅዱሳን ዝርዝር ሰርዛዋለች» የሚልሽ እንግዳ ይኖራል። አልሰረዘችውም። እ.ኤ.አ. በ1969 የቀን መቁጠሪያዋን ስታስተካክል በዓሉን በየአገሩ እንደ ፈቃድ የሚከበር አደረገችው፤ ነገሩ ይኸው ነው። በትሕትና አርሚው።

ዘመነ ሰማዕታትን እኛ ዛሬም እንቆጥርበታለን፤ ይህን ስትነግሪያቸው ይገረማሉ። በባሕረ ሐሳብ ዓመተ ሰማዕታት የሚባለው ዲዮቅልጥያኖስ ከነገሠበት ዓመት የሚነሣ ነው። ከዓመተ ምሕረቱ 276 ስትቀንሺ ዓመተ ሰማዕታትን ታገኛለሽ፤ 2017 ሲሆን 1741 ማለት ነው። ግብጾች እስካሁን ዘመናቸውን የሚጽፉት በዚሁ ነው። ገዳዩ ንጉሥ ስሙ ከአፍ ጠፍቶ የሟቾቹ ዘመን መቁጠሪያ ሆነ።

አሁን ወደ ገድሉ እንምጣ። በእኛ ገድልና ስንክሳር የጊዮርጊስ አባት ከቀጰዶቅያ፣ እናቱ ከልዳ ናቸው። አባቱ ሲሞት ማዕረጉን ሊያስጸና ወደ ንጉሡ ወደ ዱድያኖስ ሄደ፤ ዱድያኖስ 70 ነገሥታትን ሰብስቦ ለጣዖት ሲያሰግድ አገኘው። ያለውን ገንዘብ ለድሆች በትኖ፣ አገልጋዮቹን አሰናብቶ «እኔ ክርስቲያን ነኝ» ብሎ መሐላቸው ቆመ። መከራው ሰባት ዓመት ፈጀ። ጫፉ የሾለ የብረት ጫማ አጫሙት፤ በመንኰራኩር ፈጩት፤ አትናስዮስ የሚባል ጠንቋይ መርዝ በጥብጦ አጠጣው፤ ሳይጎዳው ሲቀር ጠንቋዩ ራሱ አምኖ ሰማዕት ሆነ። አንዲት ድሃ መበለት ቤት ሲያሳርፉት የደረቀው የቤቱ ምሰሶ ለመለመ፣ የታመመ ልጇም ዳነ። አቃጥለው፣ ፈጭተው፣ ዐመዱን በደብረ ይድራስ ላይ በተኑት፤ ጌታ ግን አስነሣው። ሦስት ጊዜ ሞቶ ሦስት ጊዜ ተነሣ። የንጉሡ ሚስት እለእስክንድርያ በእሱ ቃል አምና አንገቷ ተቆረጠ። በአራተኛው እሱም አንገቱን ተሰየፈ፤ ውኃና ደም ወተትም ፈሰሰ ይላል፤ ሰባት አክሊላትም ወረዱለት።

የአንቺ እንግዶች የሚመጡበት ጥር 18 ዝርወተ አጽሙ ነው፤ አጥንቱ ተፈጭቶ በይድራስ ተራራ የተበተነበት ቀን መታሰቢያ። «ለምን አንድ ቅዱስ ይህን ያህል በዓል አለው?» ካሉሽ በቅደም ተከተል ንገሪያቸው፦ ሚያዝያ 23 ዕረፍቱ፣ ጥር 18 ዝርወተ አጽሙ፣ ኅዳር 7 ልዳ ላይ ቤተ ክርስቲያኑ የከበረበት፣ ከዚያ ደግሞ በየወሩ 23 መታሰቢያው።

ከዱድያኖስ ላይ ትንሽ ቆዪ። ገድሉ የፋርስ ንጉሥ ይለዋል፤ በታሪክ ግን ልዳም ቀጰዶቅያም በዚያ ዘመን በሮም እጅ ነበሩ፤ ዱድያኖስ የሚባል የፋርስ ንጉሥም የለም። ብዙ አስጎብኚ ከዚህ ለመውጣት «ዱድያኖስ ማለት ዲዮቅልጥያኖስ ነው» ይላል። ይህ መድኃኒት አይደለም፤ አንድን መጽሐፍ ከሌላው ጋር በጉልበት ማስታረቅ ነው። የገድሉ ሰዎች ንጉሡን የፈለጉት አንድ የአገር ገዥ እንዲሆን አልነበረም፤ የምድር ነገሥታት ሁሉ በአንድ ሸንጎ ተሰብስበው አንድ ወጣት ፊት ሲያፍሩ ማሳየት ነው የፈለጉት። 70 የተባሉት ለዚያ ነው። ስለዚህ ገድሉን ስታነቢ «ዱድያኖስ» በዪ፣ ታሪኩን ስትናገሪ «ዲዮቅልጥያኖስ» በዪ።

ዘንዶውን በተመለከተ፣ ልብ አድርጊልኝ፣ ዘንዶው ሰባት ዓመት በፈጀው የመከራ ታሪክ ውስጥ የለም። ያለው በተአምሩ ነው። ተአምሩ የቤሩት ሰዎች ዘንዶ ያመልኩ እንደነበር፣ ሴት ልጆቻቸውንም ይገብሩለት እንደነበር፣ ዕጣው በንጉሡ ልጅ ላይ ሲወጣ ጊዮርጊስ በፈረስ ሲያልፍ ብቻዋን ተቀምጣ እንዳገኛት ይተርካል። እኛ ብሩታዊት የምንላት እሷ ናት፤ የቤሩቷ ማለት ነው። ምዕራባውያን ግን በ13ኛው መቶ ዓመት ከተጻፈው የቅዱሳን ታሪካቸው ወስደው ነገሩን ሊቢያ ውስጥ ሲሌን በምትባል ከተማ ያደርጉታል። ከአውሮፓ የመጣ እንግዳ «ሊቢያ አይደለም እንዴ?» ካለሽ አትደንግጪ፤ የእነሱ መጽሐፍ ሊቢያ ይላል፣ የእኛው ቤሩት።

ሥዕሉ ደግሞ ከተአምሩም ይበልጥ ሥሩ ሩቅ ነው። ቆስጠንጢኖስ ጦር የተወጋ ዘንዶ ከእግሩ ሥር ተረግጦ የሚታይበትን ሥዕል በቤተ መንግሥቱ ደጅ አሠርቶ እንደነበር ያው አውሳብዮስ ጽፏል። ዘንዶው ጠላትን፣ ክፉውን ሁሉ ያመለክት ነበር። ከወታደር ቅዱሳንም መጀመሪያ ዘንዶ ገዳይ ሆኖ የታወቀው ጊዮርጊስ ሳይሆን ቴዎድሮስ ነው፤ የጊዮርጊስ ዘንዶ ተለይቶ የወጣው ከ10ኛው መቶ ዓመት ወዲህ ነው። በእኛም አገር ከቆዩት ሥዕሎች መካከል ጊዮርጊስ ፈረስ ላይ ተቀምጦ ዘንዶ የሌለበት አለ። አንድ ቀን እንዲህ ያለ የድሮ ሥዕል ብታገኚ «ሠዓሊው ዘንዶውን ረስቶት ነው» እንዳትዪ፤ ሥዕሉ ከዘንዶው ቀድሞ ስለተሣለ ሊሆን ይችላል።

አሁን ግድግዳው ፊት ቆመሻል እንበል። ስም ከመጥራትሽ በፊት ዓይንሽን በዚህ ቅደም ተከተል አስኪጂ። መጀመሪያ ከፈረሱ ሆድ ሥር ያለውን እይ፤ ፈረሰኛውን የሚለየው የተወጋው ነው እንጂ ፊቱ አይደለም፤ ፊታቸው ወንድማማች ይመስላል። ቀጥሎ የፈረሱን ቀለም። ከዚያ በዙሪያው ያሉትን ትንንሽ ሰዎች። በመጨረሻ ጽሑፉን አንብቢ። ጽሑፉ ብዙ ጊዜ «ዘከመ» ብሎ ይጀምራል፤ «እንዴት እንደ…» ማለት ነው፤ «ዘከመ ቀተሎ ለደራጎን» ካለሽ «ዘንዶውን እንዴት እንደ ገደለው» ነው። ጽሑፉ ከተፋቀ ወይም በጥላሸት ከተሸፈነ ግምትሽን እንደ እውነት አትናገሪ።

ጊዮርጊስ ፈረሱ ነጭ ነው። ከሥሩ ዘንዶ፣ ጦሩ አፉ ውስጥ ወይም አንገቱ ላይ። ብሩታዊት በኋለኞቹ ሥዕሎች ዛፍ ላይ ወጥታ ትታያለች። ብዙ ጊዜ እመቤታችን ልጇን ታቅፋ ባለችበት አጠገብ ይሣላል፤ ባለ ሁለት መዝጊያ በሆኑት የእንጨት ሥዕሎች ላይ በአንዱ ገጽ እሷ፣ በሌላው እሱ ነው። እግሩን አስተውዪልኝ። በባዶ እግሩ ነው፤ እርካቡም ጫማ የሚያስገባ ሰፊ እርካብ ሳይሆን ትንሽ ቀለበት ነው፤ በአውራ ጣቱ ብቻ ነው የያዘው። አንድ የሮም መኮንን እንዲህ አይጋልብም፤ እንዲህ የሚጋልበው የእኛ አገር ባላባት ነው። ሠዓሊው ጊዮርጊስን ከልዳ አምጥቶ በጎንደር ኮርቻ ላይ አስቀመጠው። እንግዶችሽ ራሳቸው እንዲያገኙት «እስኪ እግሩን እዩት» ብለሽ ትንሽ ዝም በዪ፤ አንዴ ካዩት አይረሱትም።

ዓይኑንም አሳዪያቸው። በእኛ ሥዕል ጻድቅ ሁለት ዓይኑ ይታያል፤ ክፉው በጎን ተስሎ አንድ ዓይኑ ብቻ ይታያል። ስለዚህ ዱድያኖስን ወይም ከሃዲውን ንጉሥ ዑልያኖስን ለመለየት ብዙ ጊዜ ጽሑፍ አያስፈልግሽም። ሁልጊዜ ግን አይሠራም፤ ወደ ጎን የዞረ ጻድቅ ታገኛለሽና «ሕግ ነው» አትበዪ፤ «ልማድ ነው» በዪ።

መርቆሬዎስ ፈረሱ ጥቁር ነው፤ ከሥሩ የወደቀው ሰው ዘውድ የጫነ ንጉሥ ነው። ሰው ከሁሉ ይበልጥ የሚሳሳተው በእሱ ላይ ስለሆነ በደንብ ልንገርሽ። መርቆሬዎስ የሮም ወታደር ነበር፤ በዳክዮስ ዘመን፣ ማለት ከ249 እስከ 251 ባለው ጊዜ፣ በቀጰዶቅያ ቂሣርያ አንገቱን ተሰየፈ። የተወጋው ንጉሥ ከሃዲው ዑልያኖስ ደግሞ የሞተው በፋርስ ዘመቻ ላይ በ363 ነው። በመካከላቸው ከ110 ዓመት በላይ አለ። «መርቆሬዎስ በጦር ሜዳ ዑልያኖስን ገደለው» ብለሽ ከተውሽው፣ ታሪክ የሚያውቅ እንግዳ «እንዴት ሆኖ?» ይልሻል፤ አፍሽም ይያዛል። ገድሉ የሚለው ሌላ ነው። በኋላ የቂሣርያ ጳጳስ የሆነው ባስልዮስ በመርቆሬዎስ ሥዕል ፊት ሲጸልይ፣ የቅዱሱ መልክ ከሥዕሉ ጠፋ፤ ተመልሶ ሲታይ የጦሩ ጫፍ ደም ነክቶት ነበር። ከሞተ በኋላ የተላከ ወታደር ነው እንግዲህ። በሥዕሉ ዳር ባስልዮስና ጎርጎርዮስ ቆመው የሚታዩት ለዚያ ነው። ባስልዮስን «ጳጳስ ሳለ» እንዳትዪ፤ የቂሣርያ ጳጳስ የሆነው በ370 ነው። በታሪክ በኩል ደግሞ ዑልያኖስን የወጋውን ጦር ማን እንደ ወረወረው በዘመኑ የነበሩ ጸሐፊዎች አልተስማሙም፤ ገድሉ የገባው እዚያ ባዶ ቦታ ላይ ነው።

በመርቆሬዎስ ሥዕል አጠገብ አንዳንዴ የውሻ ፊት ያላቸው ሁለት ሰዎች ታያለሽ። እንግዳ ይስቃል። አትሳቂ፤ ገድሉ አያቱን የበሉት ገጻቸው የውሻ የሆነ ፍጡራን በኋላ ገርተው ለቤቱ እንዳገለገሉ ስለሚል ነው የተሣሉት።

ቴዎድሮስም ዘንዶ ይወጋል፤ ስለዚህ ዘንዶ ስላየሽ ብቻ «ጊዮርጊስ» ብለሽ እንዳትቸኩዪ። እዚህ ነው ነጩ ፈረስና ብሩታዊት የሚጠቅሙሽ። የሊቀ ሠራዊቱ ቴዎድሮስ በዓል ሐምሌ 20 ነው፤ አውካይጦስ በምትባል አገር የመበለቲቱን ሁለት ልጆች ከዘንዶ አድኗል ይባላል። ሌላም ቴዎድሮስ አለ፤ በናድሌዎስ የሚባለው፣ ጥር 12 የሚታሰበው፤ በጥምቀት ማግስት ስለሚውል በሚካኤል ሥር ተሸፍኖ ሰው አያስበውም። ገላውዴዎስ ሰኔ 11 ነው፤ ከሥሩ ከፊሉ ሰው ከፊሉ አውሬ የሆነ ፍጡር ይሣልለታል። ፊቅጦር ሚያዝያ 27፣ ፋሲለደስ መስከረም 11። የእነዚህን የሌሎቹን ፈረሶች ቀለም አትመኚበት፤ ከነጩና ከጥቁሩ በቀር ሠዓሊው ደስ ያለውን ይቀባል።

ሱስንዮስን ለይተሽ ያዢው። ከሥሩ ዘንዶም ንጉሥም ሳይሆን ሴት አለች። ውርዝልያ ትባላለች፤ ሕፃናትን የምትገድል ናት፤ የእሱንም ልጅ ስለገደለች በጦር ወጋት ይላል። ሥዕሉ ከቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ይልቅ በብራና ክታብ ላይ ይበዛል፤ ነፍሰ ጡሮችና የወለዱ እናቶች አንገታቸው ላይ ያስሩት የነበረው እሱ ነው።

ይህን ሁሉ ስም ስትሰሚ አንድ ነገር አልታወቀሽም? ሱስንዮስ፣ ፋሲለደስ፣ ገላውዴዎስ፣ ዮስጦስ፣ ቴዎድሮስ። እነዚህ የነገሥታቶቻችን ስሞች ናቸው። ጎንደርን የቆረቆረው ፋሲል (እ.ኤ.አ. ከ1632 እስከ 1667) የአንጾኪያውን የጦር አለቃ ሰማዕት ስም ነው የያዘው፤ አባቱ ሱስንዮስ ደግሞ ውርዝልያን የወጋውን። ገድሎቹ ፋሲለደስን፣ ዮስጦስን፣ ገላውዴዎስን፣ ፊቅጦርን፣ በናድሌዎስ ቴዎድሮስን እንደ አንድ የአንጾኪያ ቤተ መንግሥት ቤተ ዘመድ አድርገው ያቀርቧቸዋል፤ መንግሥቱ ለነሱ ሲገባ ትተውት ለሃይማኖታቸው የሞቱ መኳንንት ናቸው። ለአንድ ልዑል ከዚህ የበለጠ ስም ማን ይመርጥለታል? እ.ኤ.አ. ከ1711 እስከ 1716 የነገሠው ዮስጦስም ከዚሁ ቤት ስም ነው የወሰደው። እንግዶችሽን በመጀመሪያው ቀን ፋሲል ግቢ ወስደሽ በማግሥቱ ወደ ሥላሴ ካመጣሻቸው፣ ትናንት በግንብ ስሙን የሰሙትን ንጉሥ ዛሬ ሞክሼው ሰማዕት ሆኖ በቤተ ክርስቲያን ያገኙታል፤ በዚህ ቅደም ተከተል ውሰጃቸው።

ከዳግማዊ ቴዎድሮስ ላይ ግን ተጠንቀቂ። ካሳ ሲነግሥ የወሰደው ስም ከሰማዕቱ ይልቅ ከፍካሬ ኢየሱስ ትንቢት ጋር የተያያዘ ነው፤ በመጨረሻው ዘመን ቴዎድሮስ የሚባል ጻድቅ ንጉሥ ይነሣል የሚለው። ሁለቱን አታደባልቂ።

ስለ ቀኖች የሚነሣ አንድ ጠብ አለ። እንግዳው «የጊዮርጊስ በዓል ኤፕሪል 23 ነው፤ እናንተም 23 ትላላችሁ፤ አንድ ቀን ነው» ይልሻል። አይደለም። የእነሱ ኤፕሪል 23 በእኛ ሚያዝያ 15 ነው። የእኛ ሚያዝያ 23 በእነሱ ሜይ 1 ነው። በአሮጌው አቆጣጠር የሚያከብሩ ኦርቶዶክሶች ደግሞ ሜይ 6 ያከብሩታል፤ እሱም የእኛ ሚያዝያ 28 ነው። ሦስት የተለያዩ ቀኖች ናቸው። በወረቀት ጽፈሽ ኪስሽ ውስጥ አኑሪው።

የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የዓድዋ ጦርነት የዋለው በእሱ ወርኃዊ በዓል ላይ መሆኑን ታውቂያለሽ፤ ታቦቱም አብሮ መዝመቱ በሰፊው ይነገራል። ላሊበላ ላይ ደግሞ ቤተ ጊዮርጊስ ከአንድ ዐለት በመስቀል ቅርጽ የተፈለፈለ ነው፤ ቅዱሱ በፈረሱ መጥቶ «ለእኔስ?» ብሎ ንጉሡን እንደ ጠየቀው ይተረካል፤ የፈረሱን ኮቴ ምልክት ነው የሚሉትንም ያሳያሉ። ጎንደር ውስጥ ራሱ በቤተ መንግሥቱ አጠገብ እልፍኝ ጊዮርጊስ አለ። እነዚህን ከጠየቁሽ ብቻ አንሺ፤ ካላቆምሽ ቀኑ ይመሻል።

ስለ ሕንፃው ጥቂት። ደብረ ብርሃን ሥላሴን ታላቁ ኢያሱ እ.ኤ.አ. በ1694 አሠራት፤ የመጀመሪያው ክብ ነበር። ዛሬ የምናየው አራት ማዕዘን ከዚያ በኋላ የተሠራ ነው። ስለዚህ ሥዕሎቹን «የኢያሱ ዘመን ሥዕል» እንዳትዪ። በአጠቃላይ የጎንደርን ሥዕል ዘመን ለመገመት ጀርባውን እይ፤ በፊተኛው ጎንደር አሣሣል ጀርባው ደማቅና ያልተሻሸ፣ ጥላም የሌለበት ነው፤ በኋለኛው፣ ከ18ኛው መቶ ዓመት መካከል ጀምሮ፣ ቢጫው ወደ ቀይ፣ ቀዩ ወደ አረንጓዴ እየተሻሸ ይሄዳል፤ ፊትም ጥላ ያገኛል።

ሥዕሉ በግድግዳው ላይ በቀጥታ የተቀባ አይደለም፤ ጨርቅ ተለጥፎ በጨርቁ ላይ ነው የተሣለው። ጨርቁ እርጥበት ሲያገኘው ከግድግዳው ይላቀቃል፤ ዳሩ ይነሣል፤ በእጅ ሲነካ የላብ ቅባት ይዞ ቀለሙ ይላጣል። ስለዚህ የሚጠቁም ጣት ከጨርቁ አንድ ክንድ ይራቅ፤ የአንቺም ጣት። በእንጨት ዘንግ እያሳዩ የሚያስረዱ አሉ፤ ዘንጉ አንዴ ሲያዳልጥ ቀለሙን ይፍቃል፤ አንቺ በቃልሽ አሳዪ። «ከነጩ ፈረስ በስተ ቀኝ፣ ከዛፉ ሥር» ካልሽ ያገኙታል። ፎቶ በብልጭታ አይነሣም፤ ይህን ከደጅ ሳሉ፣ ጫማ ሲያወልቁ ንገሪያቸው፤ ከገቡ በኋላ መንገር ዘግይቷል። አንድ ጊዜ ከ12 ሰው በላይ ይዘሽ አትግቢ፤ የኋለኞቹ ወደ ግድግዳው መጠጋታቸው አይቀርም፤ ቦርሳቸውም ይታከካል። ቦርሳ ከጀርባ ወደ ፊት ይዙር።

ጥዋት ፀሐይ ከፍ ስትል ግቢ፤ ውስጡ ጨለምለም ያለ ነው፤ ዓይናቸው እስኪለምድ ሁለት ሦስት ደቂቃ ሳትናገሪ አቁሚያቸው። የሁሉም ዓይን መጀመሪያ ወደ ጣራው ይሄዳል፤ መላእክቱ ይውሰዷቸው፤ አትሽቀዳደሚያቸው። ቀጥሎ ወደ ፈረሰኞቹ አምጪያቸው። ጥር 18 ሰው ስለሚበዛ ቅዳሴው ካለቀ በኋላ እንድትገቡ ከአንድ ቀን በፊት ሄደሽ ገበዙን አስፈቅጂ፤ በበዓል ቀን እግረ መንገድ መግባት አይቻልም። ነጠላሽን አትርሺ፤ ከእንግዶችሽም ራሷን ልትሸፍን የምትፈልግ ሴት ብትኖር ሁለተኛ ነጠላ ያዢ።

ስንክሳሩን የጥር 18ቱን ንባብ ገልብጬ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልሻለሁ። ግእዙ ያስቸገረሽ ቦታ ላይ በእርሳስ አስምሪበትና ስትመጪ አብረን እናየዋለን። ወንድምሽ ሰላም ብሎሻል፤ በጥምቀት ዋዜማ እንጠብቅሻለን።

እናትሽ
ከጎንደር